ከረጢት ቁጥር 17

ከሚሴ፣ ጥር 12 ቀን 2018

ለተከበሩ ጋሽ አብዱሰላም፣ ባቲ

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ጆሮዎ፣ ልጅዎ ዓፊያ፣ የልጅ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? ከሚሴም ደህና ናት፤ አቧራዋም ባጃጇም እንደተዉት ነው።

«ማን ነሽ? ከኔ ከጡረተኛ ምን ፈለግሽ?» ብለው፣ በሚኒባሱ ሾፌር ለላክሁብዎት ሰላምታ የመለሱልኝ ደርሶኛል። ሾፌሩ ቁጣዎን ሳይቀር አስመስሎ ነው የነገረኝ። ብፅዓት እባላለሁ፤ የአማከለች ልጅ፣ እዚሁ ከሚሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እርስዎ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጡበት የቦርከና መልእክት አድራሾች ማኅበር የስምሪት ኃላፊ ወንበር ላይ አሁን ያለሁት እኔ ነኝ። የወንበሩ አንድ እግር ዛሬም ይወዛወዛል፤ ከሥሩ ያደረጉለትን ካርቶን አልቀየርነውም። ያልደወልሁት «በስልክ ስጮህ ጎረቤት ይሰበሰባል» ብለዋል ስላሉኝ ነው። በዚያውም የባቲ ከረጢት ስንት ቀን እንደሚፈጅ እፈትሽበታለሁ፤ ይህ ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን ይጻፉልኝ።

ጉዳዬ የጨፋ መስመር ነው። በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ መንገዱ በተዘጋ ሰሞን እንደቆመ ቀረ። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ የሸለቆው ሰው ፖስታውን የሚወስደው ከሚሴ ድረስ መጥቶ ነው፤ የሚመጣው ደግሞ እንደተላከለት ያወቀ ብቻ ነው። ቁም ሣጥናችን ውስጥ ሦስት መቶ ስድሳ ፖስታ ተኝቷል። የሆስፒታል ቀጠሮ አለ፣ የባንክ ካርድ አለ፣ ከሳዑዲ የተላከ የልጅ ፎቶ አለ። ቦርዱ መስመሩ ይከፈት ብሏል፤ እስከ መጋቢት 28 ስብሰባ ድረስ መስመሩን የሚችል አድራሽ ካላቀረብሁ ግን ለዘለቄታው ይዘጋል።

መጀመሪያ ከአድራሾቻችን ወንድማገኝን ላክሁት። ጎበዝ ነው፣ ስልኩም ካርታ አለው። ካርታው መርቶ መርቶ ወስዶ ከከብት ማጠጫ ውስጥ ጨመረው። ፖስታው ላይ የተጻፈው ደግሞ «በሙሐመድዘይን በኩል፣ ከዋርካው በታች ላለችው ለዘይኑ እናት» ይላል። የትኛው ዋርካ? የትኛው ዘይኑ? ካርታ ይህን ከየት ያመጣዋል?

የጠየቅሁት ሁሉ «ሙህዲን አለልሽ አይደል እንዴ!» ይለኛል። መስመሩን ድሮ ይዞ የነበረውን ሙህዲንን ፈልጌ አገኘሁት፤ ባጃጅ ይነዳል። ማኅደሩን ባወጣ አንዲት መስመር ናት ያለችው፤ «ከረጢት ቁጥር 17 በመንገድ ላይ አጥፍቷል፤ ተሰናብቷል።» የቦርዱ ሰዎች «ከረጢት ላጠፋ ሰው ዳግመኛ ከረጢት አይሰጥም» አሉኝ። እሱን «እንዴት ጠፋ?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሽ አብዱሰላምን ጠይቂያቸው» ብሎኝ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ያኔ ኃላፊው እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ ጠየቅሁ፤ ያ ከረጢት የት ገባ?

አክባሪዎ
ብፅዓት


ባቲ፣ ጥር 20 ቀን 2018

አካም ጅርታ፣ ልጄ ብፅዓት?

ፈያ ነሽ? እናትሽ አማከለችስ? የሱቋ ደጃፍ ላይ ቆሜ ስንት ቀን ፀሐይ ተጠልያለሁ መሰለሽ። አንቺን ያኔ በጀርባዋ አዝላሽ ይሆናል ያየሁሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ባቲ ሰኞ ሰኞ ገበያው ሲቆም ከአፋር በኩል የሚመጣውን ግመል ከበረንዳ ሆኜ እቆጥራለሁ፤ ሌላውን ቀን የቆጠርሁትን እረሳለሁ።

ደብዳቤሽ በሦስተኛው ቀን ደርሶኛል። በኔ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይገባ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ የሚያሳድረው ማን እንደሆነ ፈልገሽ ተቆጭልኝ።

ስለ መስመሩ የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ጥፋትሽ ፖስታውን በቀበሌ መለየትሽ ነው። ጨፋ በቀበሌ አይለይም፤ በ«በኩል» ነው የሚለየው። ሰው ደብዳቤ የሚልከው ለሚያምነው ሰው ነው፤ ያ ሰው ነው ለባለቤቱ የሚያደርሰው። መጀመሪያ «በእገሌ በኩል» የሚለውን ስም አንብበሽ ደርድሪ። ሦስት መቶ ስድሳው ወደ ሃያ ስም ይወርድልሻል፤ ሃያ ሰው ማግኘት አያቅትሽም። ከሃያው የሞተ ካለ የሱን ቦታ ቤተሰቡ ይያዝ፤ ያለ እነሱ ፈቃድ ሌላ ሰው እንዳትተኪ፣ ይቀየማሉ።

ሁለተኛ፣ በገበያ ቀን ቤት ለቤት አትላኪ። ቤቱ ባዶ ነው። አድራሽሽ ከብት ተራ ዳር ይቁም፤ ሸለቆው ሁሉ በፊቱ ያልፋል። ሦስተኛ፣ የወለደችን ሴት በመታወቂያ ስሟ ብትጠሪ ባሏም አያውቃት። የልጇን ስም ጥሪ። አራተኛ፣ ዝናብ ሲገባ ሜዳው ረግረግ ይሆናል፤ በቆላው ጠርዝ ይዙር እንጂ መሃል እንዳይገባ። ይህን ሁሉ በወረቀት ልታሰፍሪው ከፈለግሽ አስፍሪው፤ እኔ ግን በእግሬ ነው የጻፍሁት።

ሙህዲን ጥሩ ልጅ ነው። የቀጠርሁት እኔ ነኝ። የከረጢቱ ነገር የቆየ ነገር ነው። ጉልበቴ ተነሳብኝ፤ እዚህ ላይ ላቁም።

አላህ ሥራሽን ያቅናልሽ
አብዱሰላም


ከሚሴ፣ የካቲት 4 ቀን 2018

ጋሽ አብዱሰላም፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለው? ገለቶሚ ብያለሁ፤ በአማርኛም አመሰግናለሁ። እንዳሉት በ«በኩል» ደረደርሁት። ሃያ ሦስት ስም ወጣ። ወንድማገኝ ገበያ ቀን ከብት ተራ ዳር ቆሞ በግማሽ ቀን ሰባ ስምንት ፖስታ አደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ካርታውን ከስልኩ አጥፍቶታል። የኮምቦልቻውም ሰው ተገኝቷል። ተቆጥቼዋለሁ፤ እኔ ስቆጣ ደግሞ ይሰማል።

ገበያ የማይወጣው ግን ብዙ ነው። የታመመው፣ አራስዋ፣ ሽማግሌው። ለነሱ ቤት የሚገባ ሰው ያስፈልጋል፤ ወንድማገኝም ራሱ «ይህ የሙህዲን መስመር ነው» ብሎ አፍ አውጥቶ ነገረኝ።

«ልጁ ተቀይሟል ወይ? እንዴት ነው የሚኖረው?» ብለው በሾፌሩ ለጠየቁት፣ እኔም ማወቅ ፈልጌ ባጃጁን ለአንድ ቀን ተኮናትሬ ሸለቆውን ዞርሁ። ጉድ ነው! ያልሳመው ሰው የለም። አሮጊቶቹ እጁን ይዘው ዱአ ያደርጉለታል። «ደብዳቤ የለህም?» ይሉታል፤ «ዛሬስ ተሳፋሪ ነው የያዝሁት» ይላቸዋል። እንዲህ ብሎ ሲስቅ አንጀቴን በላው። ሚስቱ ረቢአ ደህና ናት። ልጃቸው ፈይሩዝ አራት ዓመቷ ነው፤ ከረጢቱ በጠፋበት ቀን ነው የተወለደችው አሉኝ። ሠፈሩ ግን «የከረጢቱ ልጅ» ይላታል። ሙህዲን ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል።

አሁን ደግሞ የኔ ጥያቄ። ስለ መስመሩ ይህን ሁሉ ጻፉልኝ፤ ስለ ከረጢቱ ግማሽ መስመር! ጋሼ፣ የያዝሁት ሥራ እኮ ፖስታ ነው፤ ባዶውን ፖስታ በእጄ ስይዘው አውቀዋለሁ። የርክክብ ደብተሩን አውጥቼ አየሁ። ጥቅምት 18 ቀን 2014 ሙህዲን ስድሳ ሦስት ደብዳቤ ተረክቦ ፈርሟል። አጠገቡ «ቀጥሎ የተረከበ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ከሙህዲን ቀጥሎ ከረጢቱን የያዘው ማን ነው?

እባክዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አይበሉኝ። የሰው ስም ነው የያዝነው።

ብፅዓት


ባቲ፣ የካቲት 13 ቀን 2018

ብፅዓት፣

ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ጾመኛን አታናድጂ።

ከረጢቱ ተቃጥሏል። ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል። ተቃጥሏል ብለሽ ጻፊና ዝጊው። ቦርዱ በጊዜው የፈረደውን አንቺ ዛሬ አትቆፍሪው። ሌላ አድራሽ ፈልጊ፤ አገሩ በወጣት ተሞልቷል።

አብዱሰላም


ከሚሴ፣ የካቲት 23 ቀን 2018

ጋሽ አብዱሰላም፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾመኛን ያናደድሁት እኔም ጾመኛ ሆኜ ነው፤ እኛም ዐቢይ ጾም ከገባን ሁለት ሳምንት አልፎናል። ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ፤ ሁለታችንም ሆዳችን ባዶ ሆኖ ነው የተጻጻፍነው። ኃይለ ቃል ተናግሬ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው።

ግን አንድ ነገር ጽፈውልኛል። «ቤቱ ሲቃጠል» ብለዋል። ማኅደሩ የሚለው «በመንገድ ላይ አጥፍቷል» ነው። ታዲያ የማን ቤት?

ሦስት ቀን አሰብሁት። ከዚያ ከሃያ ሦስቱ ስም መካከል በላይ በላዩ የሚመጣውን አየሁ፤ ሙሐመድዘይን። የግማሹ ሸለቆ ደብዳቤ በሱ በኩል ነበር። እሱ በዚያው በጦርነቱ ሰሞን በሕመም ሞቷል፤ ሚስቱ ሰሊማ አለች። ሙህዲንን «እዚያ ውሰደኝ» ስለው እጁ መሪው ላይ ቀረ። በኋላ ግን ወሰደኝ።

ጋሼ፣ ቤቱ አልተቃጠለም። የተቃጠለው የድርቆሹ ክምርና የከብቱ በረት ነው። ቤቱ እንደቆመ ነው፤ ሰሊማም ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ስለ ከረጢቱ ጠየቅኋት። «ሂንጅሩ፣ የለም» አለችኝ፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ተሰናብቻት ስነሳ ከኋላዬ ጠራችኝ። «ያ ረጅሙ ሽማግሌ በሕይወት አለ?» አለች። የቱ ሽማግሌ ብላት እጇን ዘርግታ «የሰጠው እጅ ይምጣ» አለችኝ።

ሙህዲን ከባጃጁ ወርዶ መጣ። እሱም ከረጢቱ ወደዚህ ሳይመጣ አይቀርም ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቋት ኖሯል፤ ሦስቱንም ጊዜ «የለም» ብላዋለች። የቦርዱ ሰዎች ሲመጡም «የለም» ብላለች። በዚህ «የለም» ነው እሱ ሌባ የተባለው። «እማ ሰሊማ፣ ለምን?» ሲላት አለቀሰች። «ባሌ ሲሞት አማና፣ አደራ አለብኝ፣ ለሰጠኝ ሰው እጅ ካልሆነ እንዳትሰጭ፣ እንዳለም አትናገሪ ብሎኛል። አንተ አልሰጠኸኝም፣ ልጄ» አለችው። እሷ እንዲህ ስትል እኔም አልቅሻለሁ፤ አልደብቅዎትም።

ከረጢቱ በእህል ጉድጓዳቸው ውስጥ ነው አለችን። የጉድጓዱን ቦታ ከሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። እሷ ደግሞ ደረቷን ያማታል፤ ስታወራ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጠራት። ከሞተች ስድሳ ሦስት ደብዳቤም የሙህዲን ስምም አብረው ከመሬት በታች ይቀራሉ።

ረጅሙ ሽማግሌ እርስዎ ነዎት፤ አይደል?

ብፅዓት


ባቲ፣ መጋቢት 2 ቀን 2018

ልጄ ብፅዓት፣

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ዓፊያ «አባ፣ ደብተሬን ጨረስህብኝ» ብላ ተቆጥታኛለች።

አዎ፣ እኔ ነኝ።

መንገዱ ሊዘጋ ነው ሲባል አድራሾቼን ልሰበስብ ሸለቆ ወረድሁ። ሙህዲንን ከነሙሉ ከረጢቱ መንገድ ላይ አገኘሁት። ወዲያው አንድ ሞተረኛ ደርሶ «ረቢአን ምጥ ይዟታል፣ ደም እየፈሰሳት ነው» አለ። «ከረጢቱን ለኔ ስጠኝና ሩጥ» አልሁት። ያ ልጅ ሚስቱ እየሞተች እንኳ ደንቡን አልረሳም፤ ደብተሩን ገልጦ «ይፈርሙልኝ» አለኝ። «እስክሪብቶ የለኝም፣ ነገ ቢሮ እፈርማለሁ፣ ሩጥ!» ብዬ ጮህሁበት።

እስክሪብቶው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት ነበር። ሰው ሁሉ ይሸሽ ነበርና ፈራሁ፤ ቆሜ ለመፈረም ትዕግሥት አጣሁ። ይኸው ነው።

ከረጢቱን ለሙሐመድዘይን ሰጠሁ። «አማና» አልሁት፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ «አማና» አለኝ። ወደ ጓሮ ይዞት ሲሄድ ፊቴን አዞርሁ፤ የሰው እህል ጉድጓድ አይታይም። ከዚያ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና እያልሁ ባቲ ገባሁ።

መንገዱ ተከፍቶ ስመለስ ሙሐመድዘይን ሞቷል አሉኝ፣ ቤቱም ተቃጥሏል አሉኝ። ሄጄ አላየሁም። አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ አልሄድሁም። ቦርዱ ሲቀመጥ ጡረታዬ ሦስት ወር ቀርቶታል። «ከረጢቱ በመጨረሻ በማን እጅ ነበር?» አሉኝ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳምን የኖርሁት «ደብተሩ ያለውን ነው» አልሁ። ይህን ብቻ ነው ያልሁት። ልጄ፣ ሰው በውሸት ብቻ አይደለም አደራ የሚበላው።

ሙህዲን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። አፉን አልከፈተም። ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ፤ ይሰድበኛል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። «ሴት ናት፣ ጋሼ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሩጥ ባይሉኝ አልደርስም ነበር» ብሎኝ ሄደ። ለዚህ ብሎ ነው አራት ዓመት የተሸከመልኝ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር ወላሂ።

«ለምን አይመጡም?» ትይኝ ይሆናል። ጉልበቴ ነው ልልሽ ነበር። ጉልበቴ አይደለም። ምን ፊት ይዤ እመጣለሁ?

ይህን ደብዳቤ ለቦርዱ አንብቢላቸው። እኔን ግን ተዪኝ።

አብዱሰላም


ከሚሴ፣ መጋቢት 7 ቀን 2018

ጋሽ አብዱሰላም፣

ሁለት ቀን ተናድጄብዎት ሰነበትሁ። ወንበርዎን እንኳ በእግሬ መታሁት፤ ካርቶኑ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑን መልሼ አደረግሁት። ይህን የምነግርዎት እንዳልተናደድሁ አድርገው እንዳያስቡ ነው።

ደብዳቤዎን ለቦርዱ ማንበብ እችላለሁ። ለሰሊማ ግን ምን አነባለሁ? እሷ እጅ ነው የጠየቀችው። የርስዎን እጅ በፖስታ መላክ አይቻልም፤ ቢቻልማ ኖሮ እኔ ራሴ ቴምብር ለጥፌ አስመጣው ነበር።

ለሙህዲን አነበብሁለት። ሳላስፈቅድዎ ነው፤ አጥፍቻለሁ። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማ። የሁለቱን እስክሪብቶ ስደርስ «ሁለት?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። ከዚያ «ከዒድ በኋላ ይምጡ በያቸው። ጾመኛ ሽማግሌ በዚህ ፀሐይ መንገድ አያደክሙ» አለኝ።

እኔ የምጨምረው የለኝም። ስብሰባው መጋቢት 28 ነው። ፊትዎን ለማን እንደሚያሳዩ ከጨነቀዎት መጀመሪያ ለኔ ያሳዩኝ፤ በደብዳቤ እንጂ በአካል አላውቅዎትም።

ብፅዓት


ባቲ፣ መጋቢት 15 ቀን 2018

ልጄ ብፅዓት፣

ዒዱን በሰላም ውለናል። ዓፊያ አዲስ ጀለቢያ አልብሳኝ ነበር፤ ለዚያ ቀን ግን አሮጌውን የሥራ ኮቴን አድርጌ እመጣለሁ። ሰሊማ በሱ ነው የምታውቀኝ።

ሐሙስ መጋቢት 24 በመጀመሪያው መኪና እነሳለሁ። ሰው አታሰባስቢብኝ። አንቺ ብቻ ቁሚልኝ፤ ረጅም ነኝ፣ ትለይኛለሽ። ቦርዱ ፊትም እቆማለሁ፤ ቀኑን እጠብቃለሁ፣ የእህቴ ልጅ ቤት አድራለሁ።

ምሳ ምን እንደምበላ በሾፌሩ ጠይቀሻል። ጾም ላይ ነሽና ያንቺን ሽሮ እበላለሁ፤ እኔን ብለሽ ሥጋ እንዳትፈልጊ።

ሙህዲን ያን ቀን ይኖር ይሆን? እንዲኖር እንደምፈልግ ወይስ እንዳይኖር አላውቀውም። አትጠይቂው።

አብዱሰላም


ከሚሴ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2018

ጋሽ አብዱሰላም፣

በሰላም ገቡ? ፋሲካን በደስታ አሳልፈናል፤ እናቴ «ያን ረጅም ሰው ዶሮ ሳታበሉት ሰደዳችሁት» እያለች ትነጫነጫለች። ሰላም ብላዎታለች።

በሾፌሩ የላኩብኝን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ።

ደብዳቤዎቹ ስንት ሆኑ ላሉት፣ ስድሳ ሦስቱም አሉ። ጉድጓዱ ደረቅ ነበር፤ ሙሐመድዘይን ነፍሱን ይማረውና ከረጢቱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ በማሽላ ቀብሮ ነው ያስቀመጠው። አምስቱ ብቻ ነቅዘው አይነበቡም። ሃምሳ አንዱ ደርሰዋል። ሰባቱ ባለቤቶቻቸው አገር ለቀዋል፤ እያፈላለግን ነው። በያንዳንዱ ላይ ወረቀት አያይዘናል፤ «ይህ ደብዳቤ አራት ዓመት ከአምስት ወር ዘግይቷል። ጥፋቱ የማኅበሩ ነው። ይቅርታ።» ቦርዱ ይህን መጻፍ አልወደደም ነበር፤ እኔ ተቆጣሁ።

ሰዉ ተቀየመ ወይ ላሉት፣ አንዳንዱ አዎ። አንዲት አክስት ግን የሰርግ ጥሪ ደርሷት፣ ሙሽራዋ የሁለት ልጆች እናት ሆና ሳለ፣ «ጥሪ ጥሪ ነው» ብላ ቅቤዋን ይዛ ሄዳለች። ሙሀመድኑር የሚባል ከሳዑዲ የተመለሰ ሰው ደግሞ የራሱ ደብዳቤ ለእናቱ ሲነበብ አጠገቧ ተቀምጦ ሰማ። «በቅርቡ እመጣለሁ» የሚለው ላይ ሲደረስ እናቱ ትከሻውን መታ አድርጋ «እሺ፣ አምኜሃለሁ» አለችው።

ሰሊማ ደህና ናት። እጅዎን ገልብጣ አይታ «ውሰድልኝ፣ ከብዶኝ ነበር» ያለችዎት ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ቀን ተኝታ እስከ ረፋድ አልነቃችም አሉ። ጤና ጣቢያም ሄዳ መድኃኒት ጀምራለች።

የቦርዱን ውሳኔ ያውቁታል። የሙህዲን ማኅደር ላይ ያቺ መስመር ተሰርዛ «ያለ ጥፋቱ ተሰናብቶ ነበር፤ ወደ ሥራው ተመልሷል» ተብሎ ተጻፈ። የጨፋ መስመርም ተከፍቷል። ፈይሩዝ የአባቷን ኮፍያ አድርጋ ሠፈሩን ስትዞር ዋለች። «የከረጢቱ ልጅ» ማለታቸውን አልተዉም፤ አሁን ግን ሙህዲን ራሱም ይላታል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ «ልጁ ምን አለ?» ነው። ቦርዱ ፊት ቆመው ሲናገሩ እሱ ውጭ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። ምን አለ? ምንም አላለም፣ ጋሼ። እኔም ልዋሽዎት አልፈልግም።

ነገር ግን ትናንት መጥቶ «የሰኞውን የባቲ ከረጢት እኔ ልውሰደው» አለኝ። ያንተ መስመር ጨፋ ነው አልሁት። «አንዴ ብቻ» አለ። አሮጌውን የርክክብ ደብተርም እንዳውሰው ጠየቀኝ። ያለቀ ደብተር ከቢሮ አይወጣም፤ ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ሰጠሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ይህ ደብዳቤ በሱ እጅ ነው የሚመጣው።

ብፅዓት


ባቲ፣ ሰኞ ሚያዝያ 12 ቀን 2018

ልጄ ብፅዓት፣

ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

ገበያው ሲደራ ነው የመጣው። ጆሮዬ በደንብ ባይሰማም የግቢውን በር ሲመታ አወቅሁት፤ ሦስት ጊዜ ነው የሚመታው፣ እኔ ነኝ ያስተማርሁት። ዓፊያ ከፈተችለት። ጫማውን አውልቆ ገባ። «አሰላሙ ዐለይኩም። የአደራ ደብዳቤ አለዎት» አለኝ፤ ሌላ ሰላምታ አልጨመረም። ተነስቼ «ሙህዲን፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ልል አፌን ከፈትሁ።

«መጀመሪያ ይፈርሙ» አለኝ።

የዛሬውን ደብተር መስሎኝ ነበር። አሮጌውን ገለጠልኝ፤ ጥቅምት 18፣ የሱ ፊርማ፣ ስድሳ ሦስት ደብዳቤ፣ አጠገቡ ባዶ ቦታ። እጄ ደረት ኪሴን ሲፈልግ ቀደመኝና እስክሪብቶ አወጣ። አንድ አይደለም፤ ሁለት። «አንዱ እንኳ እንቢ ቢል» አለኝ። አልሳቀም፤ ባዶውን ቦታ በጣቱ አሳየኝ።

ፈረምሁ። ፊርማዬ አያምርም፤ ብታዪው እንዳትስቂብኝ። ከሥሩ የዛሬን ቀን ጻፍሁ፤ የዚያን ቀን ቀን ለመጻፍ አልደፈርሁም። ደብተሩን ወስዶ እንደ ደንቡ አየው፣ ቀኑን አነበበ፣ ዘጋው፣ ከረጢቱ ውስጥ አስገባው።

ከዚያ «አሁን ይበሉኝ» አለ። «አፉ በለኝ፣ ልጄ» አልሁት። «አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ» አለኝና አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ዓፊያም በር ላይ ቆማ አለቀሰች፤ የምታለቅስበትን ሳታውቅ።

ምሳ ብላ ብንለው እንቢ አለ። ከረጢቱ ውስጥ ገና ያልደረሰ የአሥራ አንድ ቤት ደብዳቤ አለበት፤ ሰኞ ነውና ሰዉ ገበያ ወጥቷል፣ ከግመል ተራው ዳር ቁም ብዬዋለሁ። ይህን መልስ ይዞልሽ እንዲመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ስለዚህ ላቁም።

ደብዳቤሽን ተቀብያለሁ። ፈርሜያለሁ።

አብዱሰላም